ቧንቧ ሳይመዘን ክብደቱ እንዴት ይታወቃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተሰባሰቡ ናቸው፤ ይኸውም የቧንቧን ክብደት ሚዛን ላይ ሳያወጡ ከዲያሜትሩ፣ ከግድግዳው ውፍረት፣ ከርዝመቱና ከተሠራበት ቁስ ተነሥቶ ማስላት ነው። አንባቢ በእጁ ካለው ቁጥር ጋር ሊያመሳክራቸው እንዲችል መልሶቹን ከነስሌታቸው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምሠራው በብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ በዕቃ ተቆጣጣሪነት ነው። እያንዳንዳቸው 6 ሜትር ርዝመት ያላቸው 40 ባለ 4 ኢንች ጥቁር የብረት ቧንቧዎች ሊጫኑ ስለነበር ክብደታቸውን አስቀድሜ ማወቅ ፈለግሁ። 4ን በ25.4 አባዝቼ 101.6 ሚሊ ሜትር የውጭ ዲያሜትር ያዝኩ፤ የግድግዳው ውፍረት 6.02 ሚሊ ሜትር መሆኑ ሰነዱ ላይ ተጽፏል። ከውጩ ክብ ስፋት ላይ የውስጡን ክብ ስፋት ቀንሼ፣ የቀረውን በርዝመቱና በብረት እፍግታ ሳባዛ ያገኘሁት 3,406 ኪሎ ግራም ነው። የአቅራቢው የማስረከቢያ ሰነድ ግን 3,858 ኪሎ ግራም ይላል። የ452 ኪሎ ልዩነት ከየት መጣ? የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ሰነዱ?

መልስ፦ የስሌት መንገድዎ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ ያለው ወደ ስሌቱ ባስገቡት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ነው። ባለ 4 ኢንች የሚባለው የብረት ቧንቧ የውጭ ዲያሜትሩ 101.6 ሳይሆን 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ይዘው ያንኑ ስሌት ቢደግሙት በአንድ ሜትር 16.08 ኪሎ ግራም፣ በአንድ ባለ 6 ሜትር ቧንቧ 96.5 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በ40ዎቹ ደግሞ 3,858 ኪሎ ግራም ያገኛሉ፤ ሰነዱ የያዘውም ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ከስሌቱ ጋር እስከ ኪሎው ድረስ መግጠሙ ደግሞ አቅራቢውም ቧንቧዎቹን ሳይመዝን እንዳሰላ የሚያሳይ ነው። ይህ በሙያው የተለመደ አሠራር ስለሆነ ጥፋት ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን እውነተኛው ክብደት ከተሰላው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችል ጭነቱን የሚቀበለው ሹፌርም ሊያውቀው ይገባል።

የቧንቧ ኢንች መጠሪያ ብቻ ስለሆነ በሜትሮ ለክቶ የሚገኝ ነገር አይደለም። ቀድሞ መጠሪያው የቧንቧውን የውስጥ ክፍተት በግምት ያመለክት ነበር። የአሠራር ጥበብ ተሻሽሎ ግድግዳውን ማሳሳት ሲቻል፣ ጥርስ የሚወጣለትና ከመገጣጠሚያው ጋር የሚገጥመው የውጩ ገጽ በመሆኑ፣ አዲሱ ቧንቧ ከአሮጌው ጋር እንዲገጣጠም ሲባል የውጩ ዲያሜትር ባለበት ጸና፤ የውፍረት ለውጡ ሁሉ ወደ ውስጥ ሆነ። በዚህ ምክንያት ባለ ግማሽ ኢንቹ በውጭ 21.3፣ ባለ 2 ኢንቹ 60.3፣ ባለ 6 ኢንቹ 168.3፣ ባለ 12 ኢንቹ ደግሞ 323.8 ሚሊ ሜትር ይለካል፤ አንዳቸውም ከስማቸው ጋር አይገጥሙም። ከ14 ኢንች ጀምሮ ግን መጠሪያውና የውጩ ዲያሜትር አንድ ይሆናሉ፤ ባለ 14 ኢንቹ በትክክል 355.6 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ የኢንቹን ስም በ25.4 ማባዛት የሚያዋጣው ለትላልቆቹ ብቻ ነው፤ ለትናንሾቹ ስሕተቱ ከባድ ነው፤ ባለ ግማሽ ኢንቹን 12.7 ሚሊ ሜትር ብሎ የያዘ ሰው ከእውነተኛው ክብደት የሚያገኘው ከግማሹ ትንሽ የሚበልጠውን ብቻ ነው።

ስኬጁል የሚባለው የግድግዳ ውፍረት ደረጃ ቁጥርም እንዲሁ ውፍረቱን በቀጥታ አይናገርም። ለአንድ ዓይነት ዲያሜትር ስኬጁሉ ከፍ ባለ መጠን ግድግዳው ይወፍራል፤ ባለ 4 ኢንቹ በስኬጁል 40 ውፍረቱ 6.02፣ በስኬጁል 80 ደግሞ 8.56 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ክብደቱ በሜትር ከ16.08 ወደ 22.32 ኪሎ ግራም ይወጣል። ዲያሜትሩ ሲቀየር ግን ያው ስኬጁል 40 ሌላ ውፍረት ይሆናል፤ በባለ ግማሽ ኢንቹ 2.77፣ በባለ 12 ኢንቹ 10.31 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የቧንቧው ስምና ስኬጁሉ ብቻ ከተነገረዎት፣ ሁለቱን በሠንጠረዥ ወደ ሚሊ ሜትር ሳይመልሱ ወደ ስሌት አይግቡ።

አሁን ወደ ቀመሩ እንምጣ። እርስዎ የተጠቀሙበት የሁለት ክቦች ልዩነት ትክክለኛ ቢሆንም፣ በእጅ ለሚያሰላ ሰው ረጅም ነው፤ አጭሩ መንገድ ይህ ነው፦

ክብደት በሜትር = 0.02466 × (የውጭ ዲያሜትር − ውፍረት) × ውፍረት

ዲያሜትሩና ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ከገቡ፣ ውጤቱ የአንድ ሜትር ቧንቧ ክብደት በኪሎ ግራም ይሆናል። ቧንቧውን በቁመቱ ሰንጥቀው እንደ ላሜራ ሲዘረጉት ቢያስቡት የቀመሩ ምክንያት ወዲያው ይገባዎታል። የላሜራው ውፍረት የግድግዳው ውፍረት ነው፤ ወርዱ ግን በውጭ በኩል ሲለካ ረዘም፣ በውስጥ በኩል ሲለካ አጠር ስለሚል፣ ትክክለኛው ወርድ በግድግዳው መካከል የሚያልፈው ዙሪያ ነው። የዚያ የመካከለኛው ክብ ዲያሜትር የውጩ ዲያሜትር ሲቀነስ አንድ ውፍረት ነው፤ ከሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ ውፍረት ስለሚነሣ ማለት ነው። 0.02466 የሚለው ቁጥር ደግሞ ፓይ፣ ማለትም 3.1416፣ በብረት እፍግታ ተባዝቶ፣ ሚሊ ሜትሩን ወደ ሜትር ለመመለስ ለ1,000,000 ሲካፈል የሚገኝ ነው። እፍግታ ስንል አንድ ሜትር ኩብ የሆነ ቁስ የሚመዝነውን ማለታችን ሲሆን፣ ለተለመደው የካርቦን ብረት 7,850 ኪሎ ግራም ነው።

በእርስዎ ቧንቧ ላይ ስንሞክረው፣ 114.3 ሲቀነስ 6.02 ይሆናል 108.28፤ ይህ በ6.02 ሲባዛ 651.85፤ በ0.02466 ሲባዛ ደግሞ ያው 16.08 ገደማ ይመጣል።

በዚህ ቀመር ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ስሕተት አለ፤ እርሱም ውፍረቱን ሳይቀንሱ የውጩን ዲያሜትር እንዳለ ማባዛት ነው። በእርስዎ ቧንቧ ላይ ይህ ቢደረግ በሜትር 16.97 ኪሎ ግራም ይወጣና በ240 ሜትሩ ላይ 214 ኪሎ ግራም የሌለ ብረት ይጨመራል። ለስስ ቧንቧ ልዩነቱ የማይታይ ያህል ትንሽ ስለሆነ ልማዱ ሳይነቃበት ይቆያል፤ ወፍራም ቧንቧ ሲመጣ ግን ጉዳቱ ይገለጣል። የውጭ ዲያሜትሩ 60.3፣ ውፍረቱ 11.07 የሆነው እጅግ ወፍራሙ ባለ 2 ኢንች ቧንቧ በሜትር 13.44 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ውፍረቱን ሳይቀንስ ያሰላ ሰው 16.46 ይለዋል፤ ይህም ከሃያ ሁለት በመቶ በላይ ትርፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ውፍረቱን አጥብቀው እንዲይዙት እንመክራለን፤ ምክንያቱም ክብደቱን የሚወስነው በዋናነት እርሱ ነው። በባለ 4 ኢንቹ ላይ የውጩን ዲያሜትር በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሳሳቱ ውጤቱ የሚዛባው በግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ያንኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር በውፍረቱ ላይ ቢሳሳቱ ግን 16.08 የነበረው 14.81 ይሆንና ስምንት በመቶ ገደማ ይጎድላል። ዲያሜትሩን በሜትሮ፣ ውፍረቱን በካሊፐር መለካት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ውፍረትን በሜትሮ ለክቶ ክብደት አሰላሁ ማለት ከግምት ብዙም አይርቅም።

ጥያቄ፦ ከጣሪያ በታች ተንጠልጥሎ የሚሄድ ባለ 4 ኢንች የብረት የውሃ መስመር አለን። ብረቱ ስለዛገ የውጭ ዲያሜትሩ 110 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር በሆነ የኤችዲፒኢ ፕላስቲክ ቧንቧ ልንተካው ነው። የፕላስቲኩ ክብደት የብረቱ አንድ አምስተኛ እንኳ እንደማይሞላ ሰማሁ፤ እንዲህ ከሆነ የማንጠልጠያዎቹን ቁጥር በዚያው ልክ መቀነስ እችላለሁ? ለፕላስቲክስ ያው ቀመር ይሠራል?

መልስ፦ ቀመሩ ለማንኛውም ቁስ ይሠራል፤ የሚቀየረው የእፍግታው ቁጥር ብቻ ነው። ለኤችዲፒኢ እፍግታው በሜትር ኩብ 955 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ በ0.02466 ፋንታ 0.0030 ይገባል፤ 110 ሲቀነስ 10፣ 100 ይሆናል፤ በ10 ሲባዛ 1,000፤ በ0.0030 ሲባዛ በሜትር 3 ኪሎ ግራም። ይህም በእርግጥ ከብረቱ 16.08 አንድ አምስተኛ አይሞላም፤ የሰሙት እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

ነገር ግን ማንጠልጠያው የሚሸከመው ባዶ ቧንቧ አይደለም። መስመሩ በውሃ ሲሞላ ብረቱ ውስጥ በሜትር 8.2 ኪሎ ግራም፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 90 ሚሊ ሜትር በሆነው ፕላስቲክ ውስጥ ደግሞ 6.4 ኪሎ ግራም ውሃ ይገባል። ድምሩ ለብረቱ 24.3፣ ለፕላስቲኩ 9.4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ ጭነቱ ወደ አንድ አምስተኛ ወርዷል የተባለው፣ ውሃው ሲገባ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ሆኖ ይገኛል። የውሃውን ክብደት ለማግኘት የውስጡን ዲያሜትር በሜትር ወስደው በራሱ ያባዙት፤ ከዚያ በ785.4 ሲያባዙት በአንድ ሜትር ርዝመት የሚይዘውን ውሃ በኪሎ ግራም ይሰጥዎታል። ለ0.09 ሜትር ሲሠራ 0.0081 በ785.4 ተባዝቶ 6.36 ይሆናል።

ማንጠልጠያዎቹን ስለ መቀነስ ላነሡት መልሳችን ጥብቅ ነው፤ አይቀንሱ፤ እንዲያውም መጨመር ሊኖርብዎት ይችላል። በሁለት ማንጠልጠያዎች መካከል የሚፈቀደው ርቀት የሚወሰነው በክብደት ብቻ ሳይሆን ቧንቧው ምን ያህል እንደሚረግብ ጭምር ነው። ፕላስቲክ ከብረት በብዙ እጥፍ ስለሚለጠጥ፣ ሙቀት ሲያገኝም ይበልጥ ስለሚለሰልስ፣ ቀላል ሆኖ ሳለ ከብረት ይልቅ ቀረብ ቀረብ ያለ ድጋፍ ይፈልጋል። ርቀቱን ቧንቧውን ያመረተው ድርጅት ከሚያወጣው ሠንጠረዥ፣ መስመሩ በሚሠራበት ሙቀት ልክ ይውሰዱት።

ስለ ሌሎች ቁሶች ለጠየቃችሁን አንባቢያን ደግሞ እነሆ። የማንኛውንም ቁስ ማባዣ ለማግኘት እፍግታውን በግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ይዛችሁ በ0.0031416 አባዙት። ስቴንለስ 304 እፍግታው 7.93 ስለሆነ ማባዣው 0.0249፣ መዳብ 8.94 ስለሆነ 0.0281፣ አልሙኒየም 2.70 ስለሆነ 0.0085፣ ጠንካራው ፒቪሲ 1.40 ገደማ ስለሆነ 0.0044 ይሆናል። የውጭ ዲያሜትሩ 22፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ቧንቧ እንግዲህ በሜትር 0.59 ኪሎ ግራም ነው። ስቴንለስ በተመሳሳይ መጠን ከተራው ብረት የሚከብደው በአንድ በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ቀሎ የሚገኘው ግን ሳስቶ ስለሚሠራ ነው፤ ባለ 4 ኢንቹ በስኬጁል 10ኤስ 3.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ስላለው በሜትር 8.45 ኪሎ ግራም፣ ማለትም የስኬጁል 40ው ብረት ግማሽ ያህል ነው። በደክታይል አይረን፣ ማለትም በቀላሉ በማይሰበረው ቀልጦ የተቀዳ ብረት ቧንቧ ላይ ግን ቀመሩ ብቻውን አያደርስም፤ እፍግታው 7.05 ቢሆንም፣ በአንድ ጫፉ ሰፋ ብሎ የሚወፍር አፍና በውስጡ የሲሚንቶ ልባስ ስላለው፣ ሙሉ ክብደቱን ከአምራቹ ሠንጠረዥ መውሰድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቦይ ቆፍረን ባለ 12 ኢንች የብረት ቧንቧ፣ ውፍረቱ 9.53 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በይደን አስቀመጥን። ቆሻሻ እንዳይገባበት ጫፎቹን በሚገባ ዘግተን አፈር ሳንመልስበት አደርን። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ቦዩን ሞልቶት ጠዋት ስንመጣ ቧንቧው ተንሳፍፎ ከመስመሩ ወጥቶ አገኘነው። በሜትር ከ70 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ብረት እንዴት ሊንሳፈፍ ይችላል?

መልስ፦ የደረሰባችሁ ነገር በስሌት አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነበር፤ ስለዚህ ሌሎች የቦይ ሠራተኞችም እንዲማሩበት ቁጥሩን በዝርዝር እናቀርበዋለን። ቧንቧው በሜትር የሚመዝነው 323.8 ሲቀነስ 9.53፣ በ9.53 እና በ0.02466 ተባዝቶ፣ 73.9 ኪሎ ግራም ነው። ጫፎቹ የተዘጉት ይኸው ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያፈናቅለው ውሃ ደግሞ የውጩ ዲያሜትር በሜትር፣ ማለትም 0.3238፣ በራሱ ተባዝቶ በ785.4 ሲባዛ፣ 82.3 ኪሎ ግራም ይሆናል። ውሃው ወደ ላይ የሚገፋው በ82.3፣ ቧንቧው ወደ ታች የሚጫነው በ73.9 ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ሜትር 8.4 ኪሎ ግራም ገደማ ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል ይተርፋል። በአንድ ባለ 12 ሜትር ቧንቧ ላይ ይህ ከመቶ ኪሎ ግራም በላይ ነው። ጭቃ የቀላቀለ ጎርፍ ከንጹሕ ውሃ የሚከብድ በመሆኑ፣ እናንተ ዘንድ የነበረው ግፊት ከዚህም የበለጠ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ በባለ 4 ኢንቹ ላይ አይደርስም፤ እርሱ የሚያፈናቅለው 10.3 ኪሎ ግራም ውሃ ሲሆን ራሱ 16.08 ስለሚመዝን ይሰምጣል። ዲያሜትሩ እየሰፋ ሲሄድ ግን የሚፈናቀለው ውሃ በዲያሜትሩ ካሬ ልክ ሲያድግ፣ የቧንቧው ክብደት ውፍረቱ ባለበት ከቆየ የሚያድገው በዲያሜትሩ ልክ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትላልቆቹ ቧንቧዎች ብረት ቢሆኑም ባዶአቸውን ይንሳፈፋሉ። ለባለ 12 ኢንች ድንበሩ 10.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ የሳሳ ግድግዳ ያለው ሁሉ፣ 10.31 ውፍረት ያለው ስኬጁል 40 ጭምር፣ ይነሣል። የኤችዲፒኢ ቧንቧ ደግሞ ቁሱ ራሱ ከውሃ ስለሚቀል ውሃ ሞልቶት እንኳ አይሰምጥም።

መፍትሔው በቦታው ሁኔታ ይወሰናል። ሥራው በአንድ ቀን የማያልቅ ከሆነ፣ መገጣጠሚያዎቹን ለፍተሻ ክፍት ትታችሁ በየቧንቧው መካከል አፈር መልሳችሁ እደሩ፤ ይህ ከሁሉ ርካሹና አስተማማኙ ነው። ቧንቧውን ንጹሕ ውሃ መሙላትም ይቻላል፤ በውስጡ በሜትር 72.9 ኪሎ ግራም ስለሚገባ ድምሩ ወደ 147 ኪሎ ግራም ወጥቶ ከማንኛውም ግፊት ይበልጣል። የቧንቧው ክብደትና የሚይዘው ውሃ ክብደት እዚህ ላይ እኩል ለመሆን ምንም ያህል አለመቅረቱን ልብ በሉ፤ ድጋፍ የሚሠራ ሰው በባዶው ክብደት ብቻ ካሰበ ጭነቱን በግማሽ አሳንሶ ያየዋል። አሁን ከመስመሩ የወጣውን ቧንቧ ወደ ቦታው ከመመለሳችሁ በፊት፣ ሲነሣ ተጣምሞ ሊሆን ስለሚችል የብየዳ ስፌቶቹን አስፈትሹ።

ጥያቄ፦ ውፍረቱ 3.6 ሚሊ ሜትር ነው የተባለ ባለ 2 ኢንች ቧንቧ ገዛሁ። በሒሳብ አንዱ ባለ 6 ሜትር ቧንቧ 30.2 ኪሎ ግራም መሆን ነበረበት፤ ሚዛን ላይ ሳወጣው ግን 27.6 ሆነ። ተታልያለሁ?

መልስ፦ በአንድ ቧንቧ ብቻ እንዲህ ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ነገር ግን ጥርጣሬዎ መሠረት አለው፤ ጉድለቱ 8.6 በመቶ ነው። በመጀመሪያ ርዝመቱን ይለኩ። 6 ሜትር የተባለው 5.8 ሆኖ ከተገኘ ከጉድለቱ ከሲሶ በላይ የሚሆነው በዚያ ይገለጣል። ርዝመቱ ትክክል ከሆነ ቀመሩን ወደ ኋላ በመመለስ ከክብደቱ ውፍረቱን ማግኘት ይቻላል። 27.6 ለ6 ሲካፈል በሜትር 4.60 ኪሎ ግራም ነው። ይህን ለ0.02466 ያካፍሉት፤ 186.5 ገደማ ይሆናል። ይህን ቁጥር በመጀመሪያ ለ60.3 ያካፍሉት፤ 3.09 ይመጣል። ይህ ውፍረቱን ሳንቀንስ ያገኘነው ስለሆነ አነስ ያለ ነው፤ ስለዚህ 3.09ን ከ60.3 ቀንሰው በቀረው 57.21 እንደገና 186.5ን ሲያካፍሉ 3.26 ያገኛሉ፤ አንድ ጊዜ ቢደግሙት 3.27 ላይ ይረጋል። የቧንቧዎ አማካይ ውፍረት እንግዲህ 3.27 ሚሊ ሜትር ነው።

አማካይ ማለታችንን ልብ ይበሉ። ካሊፐር የሚነግርዎት ጫፉ ላይ የለኩትን ነጥብ ውፍረት ሲሆን፣ ሚዛን ግን የመላውን ቧንቧ ውፍረት ደምሮ ይነግርዎታል፤ በዚህ በኩል ሚዛን የበለጠ ታማኝ ዳኛ ነው። ሁለቱን ማመሳከር ግን ይበጃል። ሲለኩ በመጋዝ ሲቆረጥ ጫፉ ላይ የቀረውን ሹል ትርፍ ብረት በሞረድ ያንሡ፤ ጥርስ የወጣለትን ክፍልና የብየዳ ስፌቱ ያለበትን ቦታ ይተዉት፤ በዙሪያው ቢያንስ አራት ቦታ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። የውጩን ዲያሜትር ለማግኘት ደግሞ ስስ ሜትሮ በቧንቧው ላይ ጠምጥመው ዙሪያውን ካነበቡ በኋላ ለ3.1416 ማካፈል፣ ቧንቧው ትንሽ ጨፍለቅ ያለ ቢሆን እንኳ ትክክለኛ ውጤት ይሰጣል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ግዥው በየትኛው የጥራት ደረጃ እንደተፈጸመ ማየት ነው፤ ምክንያቱም ማንኛውም ደረጃ የተወሰነ መበላለጥን ይፈቅዳል። ለምሳሌ ኤኤስቲኤም ኤ53 በተባለው የአሜሪካ የብረት ቧንቧ ደረጃ መሠረት ውፍረቱ በየትኛውም ነጥብ ከተጻፈው እስከ 12.5 በመቶ ሊያንስ፣ ክብደቱም እስከ 10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ኤ106 የተባለው ሌላው ደረጃ ግን ክብደቱ ከ3.5 በመቶ በላይ እንዲያንስ አይፈቅድም። ያው 8.6 በመቶ ጉድለት በአንደኛው ደረጃ ተቀባይነት ሲኖረው በሌላው ውድቅ ይሆናል ማለት ነው። ሰነድዎ የደረጃ ስም ጭራሽ ካልያዘ ክርክሩን የሚዳኝ ነገር የለም፤ ወደፊት ሲገዙ ደረጃውን በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ ክፍያው በኪሎ ከሆነም በስሌት ወይስ በሚዛን መሆኑ ተለይቶ ይጻፍ። ለአሁኑ እስር እስሩን አንድ ላይ ያስመዝኑ፤ አንድ ቧንቧ በአጋጣሚ ሊሳሳ ይችላል፤ እስሩ በሙሉ በተመሳሳይ መጠን ከጎደለ ግን ለአቅራቢው የሚያቀርቡት ማስረጃ በእጅዎ አለ።

ጥያቄ፦ ዚንክ የተነከረ ቧንቧ ምን ያህል ክብደት ይጨምራል? ለአራት ማዕዘኑ ቱቦላሬስ ምን ቀመር አለ?

መልስ፦ ዚንኩ በውስጥም በውጭም ስለሚለብስ ሁለቱንም ገጽ መቁጠር ያስፈልጋል፤ የሁለቱ ዙሪያ ድምር ከመካከለኛው ዙሪያ እጥፍ ጋር እኩል ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 60.3፣ ውፍረቱ 3.6 የሆነ ቧንቧ በአንድ ሜትር ርዝመቱ 0.356 ሜትር ካሬ ገጽ አለው። በካሬ ሜትር 500 ግራም ዚንክ ቢለብስ፣ ይህም 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ነው፣ በሜትር 0.18 ኪሎ ግራም ይጨምራል፤ በ5.03 ኪሎ ግራሙ ላይ 3.5 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በወፍራም ቧንቧ ላይ ይህ መቶኛ እየቀነሰ ይሄዳል።

ለእኩል ጎን ቱቦላሬ ጎኑን ከውፍረቱ ቀንሰው ሳይሆን ውፍረቱን ከጎኑ ቀንሰው፣ በውፍረቱ፣ በ4 እና በ0.00785 ያባዙ። 50 በ50 የሆነ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ በዚህ ስሌት 4.43 ኪሎ ግራም በሜትር ይወጣል። ሠንጠረዦች ግን 4.25 ይሉታል፤ ምክንያቱም ቀመሩ ማዕዘኖቹን ስል አድርጎ ሲቆጥራቸው፣ ላሜራው ሲታጠፍ ማዕዘኑ ክብ ስለሚሆን ከአራቱም ጥግ ጥቂት ብረት ይጎድላል። ለትክክለኛው ውጤት የውፍረቱን ካሬ በ2.58 አባዝተው ከስፋቱ ላይ ይቀንሱ፤ እዚህ ላይ 564 ሚሊ ሜትር ካሬ የነበረው 541 ሆኖ፣ በ0.00785 ሲባዛ 4.25 ይሰጣል። ይህ ማስተካከያ የሚሠራው የማዕዘኑ የውጭ ሬዲየስ የውፍረቱ እጥፍ፣ የውስጡ ደግሞ ከውፍረቱ ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ በቀዝቃዛው የታጠፉት ስስ ቱቦላሬዎች በብዛት የሚሠሩትም በዚህ መጠን ነው።